በቆዳና በቦለስ መካከል፦ ስሪዲ ህትመት ለካንሰር የጨረር ሕክምና

ለጤና ሳይንስና ለምህንድስና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የጤናና የምህንድስና ተማሪዎችን በአንድ አዳራሽ ማግኘት እምብዛም አይሆንልኝምና ዛሬ ደስ ብሎኛል። የማነሣው ጉዳይ ሁለታችሁንም ይፈልጋል። ስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ዕቃን በንብርብር እየደራረበ የሚሠራ ማተሚያ፣ ከሕክምና ጋር አብሮ ሲነሣ ብዙ ሰው ሰው ሠራሽ እጅን ወይም የራስ ቅል ቁራጭን ያስባል። እኔ የምነግራችሁ ግን ስለ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ታካሚው ላይ ይቀመጣል፣ ጨረሩ ይሰጣል፣ ይነሣል። ቦለስ ይባላል። በደንብ ካልተቀመጠ ካንሰሩ ሊመለስ የሚችልበት ቦታ የታዘዘለትን ጨረር ሳያገኝ ይቀራል።

ለምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን እንይ። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ማሽን ሊኒየር አክስለሬተር ነው፤ ኃይለኛ ኤክስሬይ ያመነጫል። ይህ ኤክስሬይ ቆዳ እንደነካ ጉልበቱን ሁሉ አያራግፍም። ከሰውነታችን አቶሞች ኤሌክትሮኖችን ያስፈነጥራል፤ በሴሎቹ ላይ ጉዳት የሚያደርሱት በዋናነት እነዚያ ኤሌክትሮኖች ናቸው። እነሱም ወደ ውስጥ እየተጓዙ ስለሚሠሩ የጨረሩ መጠን ከቆዳው ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ የተወሰነ ጥልቀት ላይ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። የጨረሩ ኃይል በሜጋ ቮልት ይለካል፤ በ6 ሜጋ ቮልት ጨረር ይህ ጥልቀት 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ15 ሜጋ ቮልት ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

ለብዙ ታካሚ ይህ ትልቅ በረከት ነው። በቀድሞው ዝቅተኛ ኃይል ባለው ኤክስሬይ ዘመን ሆድ ውስጥ ላለ ዕጢ ሲባል ቆዳ ክፉኛ ይቃጠል ነበር። አሁን ቆዳው ይተርፋል። ነገር ግን ካንሰሩ ራሱ ቆዳው ላይ ወይም ከቆዳው ሥር ከሆነ ያው በረከት ችግር ይሆናል፤ መታከም ያለበት ቦታ ጨረሩ ገና ባልጎለበተበት ንብርብር ውስጥ ይወድቃል። መፍትሔው ቆዳው ላይ ሥጋን የሚመስል ነገር ደርቦ ጨረሩ ቆዳው ዘንድ ከመድረሱ በፊት እዚያ ውስጥ እንዲጎለብት ማድረግ ነው። ቦለስ ማለት ይኸው ነው።

ለኛ አገር ይህ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ፣ ጨረሩን ኮባልት 60 ከሚባል ጨረር አመንጪ ብረት በሚያገኝ ማሽን ነው። ማዕከሉም ለብዙ ዓመታት ለመላው ኢትዮጵያ ብቸኛ ሆኖ ኖሯል። የኮባልት ጨረር ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት በጥቁር አንበሳም በጅማም ሊኒየር አክስለሬተር ሥራ ጀምሯል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ከኮባልት ወደ 6 ሜጋ ቮልት ስንሸጋገር ያ ጥልቀት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ለቆዳ ቅርብ የሆነን ካንሰር በኮባልት ሲያክም የኖረ ሰው በአዲሱ ማሽን ስለ ቦለስ ቀድሞ ከሚያስበው በላይ ማሰብ አለበት። ማሽን ሲመረቅ ይህን የሚያነሣ ብዙም አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ እኔ አነሣዋለሁ።

የተለመደው ቦለስ በወጥ ውፍረት ተሠርቶ የሚሸጥ ለስላሳ ጄል አንሶላ ነው። በሌለበት እርጥብ የቁስል ማሸጊያ ጨርቅ (ጎዝ) ወይም ሰም ያገለግላል። አንሶላው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ የሰው አካል ጠፍጣፋ አለመሆኑ ነው። ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተወገደላትን ሴት ደረት አስቡ። ጠባሳው አንዳንድ ቦታ ጎድጉዷል፣ አንዳንድ ቦታ ተሸብሽቧል፤ በብብቱ በኩል ቆዳው ይታጠፋል፤ የጎድን አጥንቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ጄሉ እዚህ ላይ ሲዘረጋ በጉድጓዶቹ ላይ ድልድይ ሠርቶ ያልፋል። ከሥሩ አየር ይቀራል።

አየሩ ቀጭን ሲሆን ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ብዙ አያስጨንቅም። ክፍተቱ ሲሰፋ ግን ቦለሱ ውስጥ የጎለበቱት ኤሌክትሮኖች አየሩን ሲያቋርጡ ወደ ጎን ይበተናሉ፤ ቆዳው የሚያገኘው መጠንም ይወርዳል። የጨረሩ መስክ ጠባብ ሲሆን ወይም ጨረሩ በሰያፍ ሲመጣ ጉዳቱ ይብሳል። ሌላም አለ፦ አንሶላው ዛሬ የተቀመጠበት መንገድና ነገ የሚቀመጥበት አንድ አይደለም። ሕክምናው 15 ወይም 25 ቀን ከሆነ፣ ክፍተቱ በየቀኑ ቦታውን እየቀያየረ ይሰነብታል። ኮምፒውተሩ ላይ የተሠራው ዕቅድ ይህን አያውቅም፤ ዕቅዱ ቦለሱ እንደተሣለው ቆዳው ላይ ልጥፍ ብሎ እንደተቀመጠ ይቆጥራል።

ስሪዲ ህትመት የሚገባው እዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። ከሕክምናው በፊት ታካሚዋ ሲቲ ስካን መነሣቷ አይቀርም፤ ዕቅዱም የሚሠራው በእሱ ነው። የሰውነቷ ገጽ ምስል እጃችን ላይ አለ ማለት ነው። በዚያ ገጽ ላይ የሚያስፈልገንን ውፍረት በኮምፒውተር እንሥላለን፤ ውስጠኛው ፊቱ የደረቷን እያንዳንዱን ጉድጓድና ጉብታ ተከትሎ ይወጣል። ልብስ ሰፊ በልክ እንደሚሰፋው ነው፤ ልዩነቱ ልኩ የሚለካው በሲቲ መሆኑ ነው።

በዚህ ሥራ ቀድመው ከሄዱት መካከል በካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ፣ የሃሊፋክስ ከተማ ባለሙያዎች ይገኛሉ። የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ባለሙያ ጄምስ ሮባርና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ለኤሌክትሮን ሕክምና የሚሆን የታተመ ቦለስ እንዴት እንደሚነደፍና እንደሚሠራ አሳተሙ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ እኔ በጣም የምወደውን ጥናት አወጡ። ጡታቸው ለተወገደላቸው 16 ታካሚዎች ሁለቱንም ዓይነት ቦለስ በተለያየ ቀን ተጠቅመው አወዳደሩ፤ እያንዳንዷ ታካሚ ከራሷ ጋር ተወዳደረች። 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ክፍተት በጄል አንሶላው 30 በመቶ ጊዜ ታየ፤ በታተመው ወደ 13 በመቶ ወረደ። ታካሚዋን አስተካክሎ ለማስቀመጥ የሚፈጀውም ጊዜ በአማካይ ከ104 ሰከንድ ወደ 76 ሰከንድ ቀነሰ።

ቁጥሩን በሁለት በኩል ተመልከቱልኝ። መሻሻሉ ትልቅ ነው። ግን 13 በመቶው ዜሮ አይደለም! በልክ የታተመም ቦለስ ክፍተት ይተዋል፤ ምክንያቱም ሰው ትተነፍሳለች፣ እጇን ትላንት ካነሣችው ትንሽ ለየት አድርጋ ታነሣለች፣ ቆዳዋ ያብጣል። ፕሪንተር ክፍተቱን ያጠፋል ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ይህን ጥናት አሳዩት።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ የለብኝም። ቦለስ ቆዳው ብዙ ጨረር እንዲያገኝ ያደርጋልና ቆዳው ይቀላል፣ ይላጣል፣ ያማል። ጡቷ የተወገደላት ሴት ሁሉ ቦለስ ያስፈልጋታል ወይ በሚለው ላይ ሐኪሞች አንድ ሐሳብ የላቸውም። ካንሰሩ ቆዳውን ከነካ ጥያቄ የለውም፤ በሌላ ጊዜ ግን ውሳኔው የሐኪሙ ነው። ማተም ቀላል ስለሆነ ብቻ አይታተምም።

አሁን ወደ ፊት እንሂድ፤ ማለቴ ወደ ሰው ፊት። በአፍንጫ፣ በጆሮ፣ በዐይን ዙሪያ ያለ የቆዳ ካንሰር ለጄል አንሶላ አይመችም። አንሶላ አፍንጫ ላይ እንዴት ይለጠፋል? ቀድሞ የሚደረገው በታካሚው ፊት ላይ የጀሶ ቅርጽ መውሰድ፣ ከዚያ ሰም መቅረጽ ነበር። ፊቱ ላይ ቁስል ላለበት፣ በአፉ ብቻ እየተነፈሰ ጀሶው እስኪደርቅ ለሚጠብቅ ሽማግሌ ይህ መከራ ነው። በሲቲው ከሠራን ማንም ፊቱን አይነካውም።

እዚህ ላይ አልቢኒዝም ያለባቸውን ወገኖቻችንን አስባለሁ። ቆዳቸው ከፀሐይ የሚከላከል ቀለም ስለሌለው በአፍሪካ ፀሐይ ሥር በወጣትነታቸው የቆዳ ካንሰር ይይዛቸዋል፤ የሚወጣባቸውም በብዛት ፊት፣ ጆሮ፣ አንገትና ራስ ላይ ነው። ብዙዎቹ ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት ዘግይተው ነው። በቅድሚያ የሚያስፈልጋቸው ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ቶሎ የሚያይ ሐኪም ነው፤ ይህን ማንም ፕሪንተር አይተካውም። ጨረር ካስፈለጋቸው ግን በልክ የተሠራ ቦለስ ይገባቸዋል።

ለቆዳ ቅርብ ለሆነ ካንሰር ከኤክስሬይ ይልቅ የኤሌክትሮን ጨረር የምንመርጥበት ጊዜም አለ። ኤሌክትሮን የተወሰነ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ ለምሳሌ 12 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ሰውነት ውስጥ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በደንብ የሚያክመው እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ታዲያ ዕጢው በአንድ በኩል ጥልቅ፣ በሌላው በኩል ስስ ቢሆንስ? የቦለሱን ውፍረት ከቦታ ቦታ ለዋውጠን ጨረሩ ከዕጢው ማዶ ሳንባ ወይም ልብ ላይ ሳይደርስ እንዲቆም ማድረግ እንችላለን። እንዲህ ያለ ጎርባጣ ቅርጽ በእጅ መሥራት አድካሚ ነው። ለፕሪንተር ግን ጎርባጣውም ለስላሳውም አንድ ነው። ሃሊፋክሶች በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ከዚህ ነበር።

ስለ ፕሪንተሩ ታሪክ ባጭሩ። ቻርልስ ሃል ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ፕላስቲክን በአልትራቫዮሌት ብርሃን እያደረቀ ቅርጽ የሚያወጣበትን ዘዴ በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የምታዩት፣ የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ የሚደራርበው ዓይነት ደግሞ የስኮት ክራምፕ ፈጠራ ነው። የዚህኛው መብት በ2009 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ ዋጋው ወረደ፤ ሆስፒታልም ተማሪም የሚገዛው ዕቃ ሆነ።

የምህንድስና ተማሪዎች፣ አሁን የምናገረው በተለይ ለእናንተ ነው። ከመካከላችሁ ፕሪንተር የሚያዘወትር ካለ፣ ለማሳያ የሚሆን ዕቃ ሲያትም ውስጡን በ15 ወይም በ20 በመቶ ብቻ ይሞላዋል፤ ክርም ጊዜም ይቆጥባል። ከውጭ ሲያዩት ድፍን ይመስላል። ያ ዕቃ ቦለስ ቢሆን ኖሮ ውስጡ አብዛኛው አየር ነው፤ ጨረሩ ያልፍበታል እንጂ አይጎለብትበትም። ቦለስ ድፍን ሆኖ ይታተማል። ድፍን ሆኖ መውጣቱ ደግሞ በዐይን አይታወቅም።

ቀላሉ ማረጋገጫ ሚዛን ነው። ፒኤልኤ የሚባለው ከበቆሎ የሚሠራ ፕላስቲክ እፍጋቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 1.24 ግራም ያህል ነው። የነደፋችሁት ቦለስ ይዘቱ 200 ሴንቲ ሜትር ኩብ ከሆነ 248 ግራም መመዘን አለበት። 225 ግራም ከመዘነ 9 በመቶ ያህሉ የለም፤ የሆነ ቦታ ባዶ አለ። ሚዛኑ ባዶው የት እንዳለ አይነግራችሁም፤ የታተመውን ዕቃ ብቻውን ሲቲ ስካን ውስጥ አስገብታችሁ በየቁራጩ ታዩታላችሁ። ሲቲው እፍጋቱንም ይለካላችኋል፤ ፒኤልኤ ከውኃ ይከብዳልና ዕቅዱን የሚሠራው ሰው ቦለሱን እንደ ውኃ ቆጥሮ ማለፍ የለበትም። አዲስ ጥቅል ክር ሲከፈት፣ ቀለሙ ሲቀየር፣ አምራቹ ሲለወጥ እንደገና ይለካል።

ከዚህ የባሰው ስህተት ግን ከፕላስቲኩ አይመጣም። ለፕሪንተር የሚላከው የተለመደው ፋይል ቁጥሩን ይይዛል እንጂ መለኪያውን አይዝም፤ ሚሊ ሜትር ይሁን ኢንች አይናገርም። በዝውውር መካከል ቅርጹ ተገልብጦ ግራው ቀኝ ሊሆን ይችላል። የሁለት ታካሚ ቦለስ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ለዐይን ይመሳሰላሉ። ስለዚህ የታካሚው መለያ፣ የጎኑ ስም፣ የላይና የታች ምልክት በራሱ በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ መውጣት አለበት። በወረቀት ተለጥፎ ሳይሆን ታትሞ። ከመጀመሪያው ሕክምና በፊትም ቦለሱ ታካሚው ላይ ተቀምጦ ምስል ይነሣል፤ ክፍተት ካለ ይታያል፤ ዕቅዱም እንደ እውነቱ ይሰላል።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ፕሪንተሩ ርካሽ ነው፤ የታተመውን ፕላስቲክ ሕክምና የሚያደርገው ማረጋገጡ ነው። ማረጋገጡ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ሜዲካል ፊዚሲስት፣ ማለትም የጨረሩን መጠን የሚለካና የሚያረጋግጥ ባለሙያ፣ በሌለበት ወይም አንድ ፊዚሲስት ቀኑን ሙሉ ማሽኑን በመፈተሽ ብቻ በተወጠረበት ሆስፒታል ፕሪንተር በእርዳታ ቢገባ እኔ አልደሰትም፤ እሰጋለሁ። መጀመሪያ ሰው ይሠልጥን፤ ጊዜም ይሰጠው።

ስለ ውስጥ ጨረር ጥቂት ልበል። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኘው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ሕክምናው ከውጭ በሚሰጥ ጨረር ብቻ አያበቃም፤ ብራኪቴራፒ ያስፈልገዋል። በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚሄድ፣ ኢሪዲየም 192 የሚባል ትንሽ የጨረር ምንጭ ዕጢው አጠገብ ይደርሳል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ይመለሳል። ቱቦዎቹን የሚይዘው መሣሪያ በተወሰኑ መጠኖች ተሠርቶ የሚመጣ ሲሆን፣ ዕጢው ትልቅ ወይም ወደ አንድ ጎን ያደላ ሲሆን አይደርስበትም። በዴንማርክ የኦርሁስ ሐኪሞች በ2016 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዷ ታካሚ በልኳ የታተመ፣ መርፌዎች በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲገቡ የሚመራ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ አሳይተዋል። እንደኛ አገር ካንሰሩ ገፍቶ በሚታይበት ቦታ ይህ ሐሳብ ትልቅ ተስፋ አለው።

ሆኖም ከቦለስ እጅግ ይከብዳል። ቦለስ ከውጭ ቆዳ ላይ ያርፋል፤ ይኼኛው ሰውነት ውስጥ ይገባል። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል፤ የሆስፒታሉ የእንፋሎት ማምከኛ ደግሞ በ121 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሠራል። መሣሪያው ቅርጹን አጥቶ ይወጣል። በተደራረቡት ክሮች መካከል ደምና ጀርም የሚደበቅበት ስንጥቅ አለ። በካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ተመራማሪዎች ለሰውነት ተስማሚ የሆነና የሚመክን ሌላ ፕላስቲክ ወስደው፣ ጨረሩ በውስጡ እንደ ውኃ ማለፉን ለክተው በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። መንገዱ ይህ ነው፤ ዕቃው ይመረጣል፣ ይለካል፣ ከዚያ በኋላ ይታሰባል። በተማሪ ላቦራቶሪ ባለ ክር ማንም ይህን እንዳይሞክር አደራ እላለሁ።

ወደ አገራችን ሁኔታ ልመለስ። የደረት ቦለስ ለማተም ብዙ ሰዓት ይፈጃል። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ አንዳንዱ ፕሪንተር ካቆመበት ይቀጥላል፤ ነገር ግን የቀዘቀዘው ንብርብርና አዲሱ በደንብ አይያያዙም፤ መካከላቸው ቀጭን የአየር መስመር ሊቀር ይችላል። ለፕሪንተሩ የኃይል መጠባበቂያ ሳይገዙ ፕሪንተሩን መግዛት ትርጉም የለውም። የተቋረጠ ህትመት ይጣላል፣ እንደገና ይጀመራል። ክሩ እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ክፍት ከተቀመጠ ህትመቱ ቀዳዳ ያበዛል። የተጠናቀቀው ቦለስ ደግሞ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ ተትቶ ከሆነ ቅርጹ ሊጎብጥ ስለሚችል ተመልሶ ሳይታይ ታካሚ ላይ አይቀመጥም። ሌላው ሩቅ መምጣት ነው፤ ከክፍለ ሀገር የመጣች ታካሚ ሲቲ ከተነሣች በኋላ ህትመት እስኪደርስ ከተማ ውስጥ ማረፊያ ልትከራይ ነው። ጄል አንሶላ በቂ ለሆነላት ሰው አንሶላው ይሻላል፤ ህትመት ሳትጠብቅ ትጀምራለች።

ለስላሳ ክርም አለ፤ ቲፒዩ ይባላል። ከቆዳው ጋር ይተጣጠፋል፣ ለታካሚውም ይመቻል፤ ለማተም ግን ያስቸግራል። ደረቁ ፒኤልኤ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ታካሚው ሲከሳ ወይም ሲያብጥ ግን አብሮት አይለወጥም። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለአፍንጫ ደረቁን፣ ብብት ድረስ ለሚደርስ ደረት ለስላሳውን እመርጣለሁ።

ለመጀመር ለምትፈልጉ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ህትመቶች ታካሚ አያዩም። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ቁራጭ አትሙ። ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ፤ መዝኑ፤ ሲቲ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ፊዚሲስቱ ማሽኑ ሥር አስቀምጦ ከሥሩ ያለውን የጨረር መጠን ይለካና ከተለመደው የጄል አንሶላ ጋር ያወዳድራል። ይህ ተደጋግሞ አንድ ዓይነት ውጤት ሲሰጥ የሰው ፊት ቅርጽ ባለው አሻንጉሊት ላይ ትቀጥላላችሁ። አሻንጉሊቱንም ራሳችሁ ልታትሙት ትችላላችሁ። ምን እንደተሠራ፣ ማን እንደለካ፣ ማን እንደፈረመ የሚያዝ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ይከፈት።

እዚህ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁራጮች አሉ። አንዱ ድፍን ነው፣ አንዱ በ20 በመቶ የተሞላ ነው፤ የሁለቱም የሲቲ ምስል ከጎናቸው ተቀምጧል። ምስሉን ሳታዩ መጀመሪያ በዐይናችሁ ብቻ ለዩአቸው፤ ከዚያ በእጃችሁ አንሡአቸው። እኔ እስከዚያው ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ወንበር እንጀምር።